የይመኙሻል ብረት

አማኑኤል ከተማ ውስጥ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የምትሸጥ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ደሟ ሰነፍ ነው። ሰነፍ ያለው የማርቆሱ ሐኪም ነው። የሰው ደም አጥንት ውስጥ ተሠርቶ ይወጣል፤ የእሷ ግን ሳይበስል ወጥቶ መንገድ ላይ ይፈርሳል ብሎ ነበር ያስረዳት። ስለዚህ በየጊዜው ከንፈሯ እንደ ታጠበ ነጠላ ይነጣና ሚዛን እንደያዘች ያዞራታል። ይሄኔ ባሏ አስማማው አውቶቡስ ላይ ያሳፍራትና ወደ ማርቆስ ይዟት ይሄዳል። ከዘመድ አንዱ አብሯቸው ይሄድና ክንዱን ይዘረጋል፤ ደሙ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ጠርሙሱ ከይመኙሻል ራስጌ ይሰቀላል። ሲጨርስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ተመልሶ፣ በአውቶቡሱ መስኮት ከሽንኩርት ሻጮች ጋር እየተከራከረች ወደ ቤቷ ትገባለች።

ችግሩ ደም የሰጡት ዘመዶች ዝም ብለው አለመቀመጣቸው ነበር። የጎጃም ሰው ርስቱን በዘር ቆጥሮ ነው የሚይዘው፤ ይመኙሻልንም እንደዚያው ቆጥረው ተካፈሏት። አክስቷ ወይዘሮ ሥራነሽ፣ ሱቁ ገበያ በቀናው ቁጥር፣ «የምትነግደው የእኔ ደም ነው። የእኛ ወገን ጨው ሸጦ ስኳር ያሰኛል» ይላሉ። የእናቷ ወንድም መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ዲማ ቅኔ ያስተምራሉ። ይመኙሻል አንዱን ተሳዳቢ በአንድ ቃል አፉን ስታስይዘው የሰሙ እንደሆነ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «እኔን ነው ያወጣችው። ባለፈው ዓመት የሰጠኋት ደም ገና አላለቀም» ይላሉ። የባሏ ታናሽ ወንድም ባምላኩ ደግሞ አዳኝ ነኝ ባይ ነው። አንድ ነብር አቁስሎ ያውቃል፤ ነብሩ ግን ይህን አልመሰከረም። ይመኙሻል ሱቋ የገባውን ፍየል በመጥረጊያ ስታባርር ያየ ቀን፣ «ይኼ ይኼ የእኔ ደም ነው» ብሎ ሰው ሰበሰበ።

አስማማው ይህን ሁሉ ጥግ ይዞ ይሰማል። የእሱ ደም አይገጥማትም ተብሎ ተመልሷል። ይህ ነገር በጣም ከንክኖት ስለነበር፣ በደም ያጣውን በትጋት ለማካካስ ሐኪም የሚያዘውን ሁሉ ተናግሮ ሳያስጨርሰው ሊያመጣ ይሮጥ ነበር።

ይመኙሻል አንድ ቀን፣ «የራሴ የሆነ ምን ቀረኝ?» አለችው።

አስማማው አሰበና፣ «ማስነጠስሽ» አላት።

«እሱም የአባቴ ነው ይላሉ።»

የመሬት ልኬት ወሬ ጎጃምን ባመሰበት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ይመኙሻል ሌላ ሕመም ጀመራት። አሁን አልነጣችም፤ ይልቅ ፊቷ የጭስ ቤት ግድግዳ መሰለ። ጉልበቷን ይቆረጥማታል። በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ የጨው አሞሌ የተሸከመች ያህል ይከብዳታል። ወይዘሮ ሥራነሽ ደም ማነስ ነው ብለው ጉበት እየጠበሱ ያበሏት ጀመር። በበላች ቁጥር ባሰባት።

በመጨረሻ ማርቆስ ሄደች። ሐኪሙ ዶክተር ስቶያን ከቡልጋሪያ የመጣ ረጅም ሰው ነው። አማርኛውን ከሆስፒታሉ ዘበኛ ስለተማረ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። ደሟን ቀድቶ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከ። መልሱ ሲመጣ ባልና ሚስቱን አስጠራቸው።

«አንተ ይመኙሻል፣ ብረት በዝቶብሃል» አላት።

አስማማው ከወንበሩ ተነሣ። በዚያ ዓመት ብረት የሚባለውን ቃል መንግሥት ፊት በከንቱ የሚያነሣ አልነበረም፤ ብረት ማለት ጠመንጃ ነው፤ መንግሥትም በልኬቱ የተነሣ አመፅ ይፈራ ነበርና።

«ጌታዬ፣ ያለን አንድ ውጅግራ ነው» አለ። «እሱም ከአባቴ የወረስሁት ነው፤ ተመዝግቧል። አይተኩስም እንኳ።»

«ጠመንጃ አይደለም። ብረት። ማረሻ፣ ማጭድ፣ እንደዚያ ያለ። ደም ውስጥ።» ዶክተሩ የራሱን ክንድ መታ መታ አደረገ። «ሰው ለአንተ ደም ሰጠ። ደም ብረት ይዞ ገባ። ሌላ ሰው ሰጠ። እንደገና ገባ። ብዙ ዓመት። አሁን ጉበት ሞላ፣ ቆዳ ሞላ።»

«ከተሰጣት ደም ነው የመጣው?» አለ አስማማው።

«አዎ። መድኃኒት አለ፤ በመርፌ። አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ጉበት አትብላ። ምግብ ስትበላ ሻይ ጠጣ፤ ሻይ የምግቡን ብረት ይይዛል፣ ብዙ አያስገባም።»

ሻይ የሚለውን ሲሰማ አስማማው ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። ሻይ ቅጠል ፍለጋ ወደ ገበያ ሲሮጥ ዶክተሩ ቀሪውን ለይመኙሻል ብቻ ነገራት፤ እሷም የምትጠይቀውን ጠይቃ፣ ስቃ፣ አመስግና ወጣች።

አማኑኤል ሲደርሱ አስማማው ቤቱን ከብረት ማጽዳት ጀመረ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ ብረት ድስቱን እያወጣ ጎረቤት አስቀመጠ። መርፌና ወስፌ ሳይቀር ለቅሞ አወጣ።

«ሐኪሙ ይህን አላለም» አለችው ይመኙሻል።

«አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፤ ሻይሽን ጠጪ» አላት።

ቢላዋው ስለሄደ ሽንኩርቱን በጥርሱ ከተፈው። ከዚያ ዓይኑ የሱቁ በር ላይ አረፈ። በሩ ምስማር አለው፤ ማጠፊያውም ብረት ነው። አንድ በአንድ ነቅሎ በሩን በጠፍር አሰረው። ቀጥሎ የመጡት ደንበኛ አባ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ሻማ ፈላጊ ቄስ ነበሩ። በሩን ገፋ ሲያደርጉት አብሯቸው ገባ። ቄሱ ከበሩ ሥር ሆነው፣ «ይመኙሻል፣ አለሽ?» ሲሉ ተሰማ። ባልና ሚስት በሩን አንሥተው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ ሻይ አቀረቡላቸው። አባ ወልደ ሩፋኤል ምክንያቱን ጠየቁ። አስማማውም የሰማውን ግማሽ ነገራቸው፤ ይመኙሻል ብረት ገብቶባታል፣ የገባው ከዘመድ ደም ነው አላቸው።

ቄሱ ይህን ይዘው በየቤቱ ጠበል ሊረጩ ሄዱ። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ዝም ማለት ለማንም ከባድ ነው። አመሻሹ ላይ አማኑኤል በሙሉ፣ ከይመኙሻል ዘመዶች አንዱ በደሙ አሳልፎ ብረት እንዳበላት ያውቅ ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። «እኔ በሸክላ ካልሆነ በቀር ቀምሼ አላውቅም» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ድስቴ ሸክላ፣ ጋኔ ሸክላ። እኔ ዘንድ ብረት ከየት ይመጣል?»

«አክስቴ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሐኪሙ እንዳለኝ...» አለች ይመኙሻል።

«ቆይ፣ አትድከሚ። እኔ የማነው እንደሆነ አውቃለሁ» ብለው ወጡ።

ባምላኩም መጣ፤ እሱ ደግሞ ጥፋቱን በአክስቲቱ ላይ ጣለ። ያን ሁሉ ጉበት ማን ነው ያበላት አለ። ይመኙሻል ልትመልስለት ስትል፣ «አንቺ ታመሻል፤ አትናገሪ» ብሏት ሄደ። መሪጌታ ወሬው ዲማ ድረስ ደርሷቸው ተማሪዎቻቸውን በትነው በበቅሎ መጡ። የእሳቸው ነገር ከሁሉም ጠንካራ ነበር።

«እኔ በሕይወቴ ከመቃ ብዕር የከበደ ይዤ አላውቅም» አሉ። «ይህ ነገር በጉባኤ ይታይ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአስማማው አውድማ ላይ እንገናኝ። ደም የሰጠ ሁሉ ቆሞ ይማል።»

«አጎቴ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል?» አለች ይመኙሻል።

«በተራሽ ትናገሪያለሽ፤ ከሳሽ መጨረሻ ነው።»

«ማንን ከሰስሁ?»

መሪጌታ ግን በቅሏቸውን ሊያጠጡ ወጥተው ነበር።

እሑድ ዕለት አውድማው ሞላ። ደም የሰጡት ሦስት ቢሆኑም ያልሰጡትም መጡ። ይመኙሻል ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሻይዋን ይዛ፣ ከመሪጌታ በቅሎ በወረደው ኮርቻ ላይ ተቀመጠች። አስማማው ከጎኗ ቆሞ ብርጭቆዋ በጎደለ ቁጥር ይሞላል።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ጎጃም ውስጥ ሰዎች አውድማ ላይ ተሰብስበው ስለ ብረት ይመክራሉ የሚል ወሬ ፖሊስ ጆሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። አሥር አለቃ አንሙት ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣና ከጭድ ክምሩ ጀርባ ተደብቆ ያዳምጥ ጀመር። ሰውዬው ጠብ የማይወድ፣ እሑድ እሑድ ጫማውን አውልቆ መተኛት የሚመኝ ነበር። ቢሆንም የሰማው ነገር እንቅልፍ የሚያስወስድ አልሆነም።

«ብረቱን ያስገባው ሰው ዛሬ ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም» ሲሉ መሪጌታ ተሰሙ።

«እኔ ቤት ብረት የለም። ብትፈልጉ ፈትሹኝ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «ባምላኩ ዘንድ ግን እንዳለ አገር ያውቃል። ጭኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«ያቺ ትንሽ ናት» አለ ባምላኩ። «እሷን አውጥቼ ለማንም አልሰጠሁም።»

አሥር አለቃው ኮፍያውን አስተካክሎ ብቅ አለ።

«ሁላችሁም ካላችሁበት እንዳትነቃነቁ። ብረቱን አምጡ።»

አስማማው በትሕትና እጅ ነሣ። «የኔ ጌታ፣ የእኛም ጭንቀት እሱው ነው። የሚያወጣው መድኃኒት ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም።»

«ብዛቱ ምን ያህል ነው?»

«ሐኪሙ ብዙ ነው ብሏል።»

«የት ነው የተደበቀው?»

«አብዛኛው ጉበት ነው።»

አሥር አለቃ አንሙት ወደ ፖሊሶቹ ዞረ። «ጉበት የየትኛው ወረዳ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንደኛው ፖሊስ በቢቸና በኩል ሳይሆን አይቀርም አለ። ሌላኛው አልሰማሁም አለ።

«እስከዚያው የጭኑን እንይ» አለ አሥር አለቃው። ባምላኩ ቁምጣውን ሰብሰብ አድርጎ አሳየ። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ ቆዳው ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር አለች። ነብር ሲያድኑ ጓደኛው የተኮሰው የጥይት ፍንጣሪ ናት። አሥር አለቃው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ተጫናት፤ ወዲያና ወዲህ ሸሸች።

«ይህቺ ናት?»

«ይህቺው ናት።»

«ይህቺ ፈቃድ አያስፈልጋትም» አለና ቀና አለ።

ይሄኔ ይመኙሻል ሳቀች። ጎኗን ይዛ፣ ሻይዋን ነጠላዋ ላይ ደፍታ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዘመዶቿ ብረቱ ወደ ራሷ ወጣ ብለው ደነገጡ። ስትጨርስ ከኮርቻው ተነሣች።

«አሁን ፖሊስም ስላለ ዝም ትሉልኛላችሁ» አለች። «አስማማው ሻይ ሊገዛ ሲሮጥ ሐኪሙ ቀሪውን የነገረው ለእኔ ነው። ልነግራችሁ ብል አፍ የሰጠኝ የለም። የሰው ደም ሁሉ ብረት አለበት። ደምን ደም ያደረገው እሱ ነው። ማንም አልመረዘኝም። እናንተ ስትሰጡኝ እያንዳንዳችሁ ከደማችሁ ጋር ትንሽ ትንሽ ሰጣችሁኝ። የሰው ገላ ደግሞ ብረት የሚያወጣበት በር የለውም፤ የገባው ሁሉ ተቀመጠ። ደሙን ባትሰጡኝ ኖሮ ይኼኔ ተዝካሬን በልታችሁ ጨርሳችሁ ነበር። ወደፊትም ደሙን እፈልጋለሁ። የተጠራቀመውን መርፌው ያወጣልኛል። ነገሩ ይኸው ነው።»

መሪጌታ ጢማቸውን መዳሰስ ጀመሩ።

«ደሙ ውስጥ ብረት የሌለበት ሰውስ?» አለ ባምላኩ በቀስታ።

«እሱ ውሃ ነው። ደክሞት ይተኛል እንጂ ነብር አያድንም።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያዩ ሰዎች ሲያወሩት ይኖራሉ። ወይዘሮ ሥራነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እናቴ ብረት ድስት ነበራት» አሉ። «ያደግሁት በእሱ በልቼ ነው።»

«እኔስ ብሆን» አሉ መሪጌታ። «መቃ ያልሁት በትሕትና ነው እንጂ፣ መቃውን የምቀርጽበት ቢላዋ የምን ነው? በጥርሴም እነክሰው ነበር።»

«እኔ ጭኔ ውስጥ አለኝ!» አለ ባምላኩ። «በፖሊስ ፊት ተፈትሿል። ከእናንተ ማን ተፈተሸ?»

ቀድሞ በብረት አልባነት የተጀመረው ክርክር በብረት ብዛት ቀጠለ። አንዲት ደም ሰጥታ የማታውቅ ሩቅ ዘመድ እንኳ በሕፃንነቷ ቁልፍ እንደዋጠች ተናገረች። አሥር አለቃ አንሙት ጥቂት ቆሞ ሰማና ወደ ይመኙሻል ጠጋ አለ።

«እመቤቴ፣ እኔም ደሜ ውስጥ አለ ማለት ነው?»

«አለ።»

«ይኼ የተሸከምሁት የመንግሥት ነው» አለ ጠመንጃውን እያሳያት። «ከተረኛው ስረከብ ተፈትሾ፣ ስመልስ ተፈትሾ ነው። የራሴ ብረት ኖሮኝ አያውቅም። ያኛው የራሴ ነው?»

«የራስህ ነው። ማንም አይመዘግበውም።»

አሥር አለቃው ደረቱን ነፋ። እሱና ፖሊሶቹ ሲሄዱ አረማመዱ ሲመጣ እንደነበረው አልነበረም ይባላል። ለአለቆቹም ስለ ብረት ስብሰባ መኖሩ እውነት ነው፣ ብረቱ ግን ከሰው ሊለይ አልተቻለም ብሎ አመለከተ። አለቆቹ ምን እንደገባቸው አይታወቅም፤ መልስ አልሰጡም።

መድኃኒቱ ከብዙ ጥበቃ በኋላ መጣ። አማኑኤል ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ምንይችል በየማለዳው ይወጋት ጀመር። መርፌው ያማል፤ የተወጋችበት ቦታ ስለሚያብጥ ይመኙሻል ሱቋ ውስጥ ባንድ ጎኗ ተቀምጣ ነበር የምትሸጠው። አስማማው አንድም ቀን ሳይቀር አብሯት ይሄዳል። መርፌው እሷን ሲነካ የሚወድቀው ግን እሱ ነው። ምንይችል መጀመሪያ ባሏን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝቶ፣ ከዚያ ሚስቱን መውጋት ለመደ።

ሽንትህ ይቀላል፣ አትፍራ ብሎ ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። እንዳለውም ቀላ። ይመኙሻል ለባሏ ነገረችው፤ ባሏ ለከተማው ነገረ። በማግስቱ ወይዘሮ ሥራነሽ አንድ ማሰሮ ይዘው መጡ።

«ልየው» አሉ።

«ምኑን?»

«የሚወጣውን። የእኔን አውቀዋለሁ።»

«አክስቴ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ማሰሮዎን ይዘው ይሂዱ» አለቻቸው ይመኙሻል።

አስማማው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ተጠራቅሞ ቢቀለጥ ለማረሻ ይሆን እንደሆነ ማርቆስ ሲሄዱ ዶክተሩን ጠየቀ። ዶክተር ስቶያን በጥሞና ሰማውና ትንሹን ጣቱን አወጣ።

«ሁሉም ቢወጣ፣ የዓመታቱ ሁሉ፣ ምስማር። ሁለት ምስማር። ትንሽ ነው፤ ጉበት ግን ትንሹንም አይችልም።»

አስማማው በመልሱ መንገድ ሁሉ ሁለት ጣቶቹን እያየ ሄደ። ለሁለት ምስማር ያን ያህል ዘመድ መጣላቱ አሳዝኖት ነበር። በተለይ ደግሞ ከእነዚያ ሁለት ምስማሮች የእሱ ድርሻ አንዲት ቅንጣት እንኳ አለመኖሯ።

«እኔ ምንም የለኝም አንቺ ውስጥ» አላት አማኑኤል ሊደርሱ ሲሉ።

ይመኙሻል ከመስኮቱ ዞረች። «አንተ ያልገባኸው ስለማትወጣ ነው» አለችው። «እነሱን እኮ አሁን በመርፌ እያስወጣኋቸው ነው።»

አስማማው ይህን ሲያሰላስል መውረጃቸውን አልፈው ሄዱ። ከአውቶቡሱ ወርደው ተያይዘው በእግራቸው ተመለሱ።

ደም የምትፈልግበት ጊዜ ሲመጣ ሰጪ አላስቸገረም፤ የአውቶቡሱ ግማሽ የእሷ ዘመድ ነበር። አሥር አለቃ አንሙትም የደንብ ልብሱን አስተኩሶ መጣ። ተመርምሮ ገጠመ። ክንዱን ዘርግቶ ሲተኛ ጠርሙሱ እስኪሞላ ዓይኑን አልነቀለም፤ ሲያበቃ፣ «ብዙ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ ጥሩ ነው አለው። ከዚያ ወዲያ በፋሲካም በመስቀልም ከቤተ ዘመዱ ጋር ይቀመጥ ጀመር። ወይዘሮ ሥራነሽም አጥንት የበዛበትን ሥጋ ሳይሆን ደህናውን ያነሡለት ነበር።

መርፌው ቀጠለ። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ያለው ጥቁረት እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ ጉልበቷ ተፈታ፣ ከዚያ ጎኗ ቀለላት። በሚቀጥለው ዓመት ለዲማ ጊዮርጊስ ንግሥ መሪጌታን ሊጠይቁ ሄዱ። መኪና እስከሚደርስበት ሄደው ዳገቱን በእግር ተያያዙት። ቀድሞ ይመኙሻል በየድንጋዩ ላይ ትቀመጥ፣ አስማማው ጃንጥላ ይዞላት ይቆም ነበር። ያን ቀን ግን ከፊት ከፊቱ ሄደች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዞር ስትል ባሏ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። ተመልሳ ወረደች፣ ጃንጥላውን ከእጁ ወሰደችና ዘርግታ ያዘችለት።

«አስማማው፣ ደም አንሶህ እንዳይሆን» አለችው።

«ተይኝ እባክሽ» አለ አስማማው፤ «ሻይ ጠጥቼ ነው።»

ከላይ ከበሮው ይሰማል። ትንሽ አረፉና ተነሡ።